ሲ ድራይቭ ቀይ ሆኖብኛል፤ 1.3 ጊጋ ቀረኝ፤ ምን ላጥፋ?

እንዴት ዋላችሁ የአገሬ ልጆች። ጎንደር፣ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ ዴስክቶፕ ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ያለበት ሲ የተባለ 128 ጊጋ ኤስኤስዲ ዲስክ፣ ለብቻው ደግሞ ዲ የተባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ዲ ግማሹ ባዶ ነው። ሲ ግን ቀዩ መስመር ጥጉን ነክቶ 1.3 ጊጋ ብቻ ቀርቶታል።

ትናንት ማታ ልዘጋ ስል አንዲት ተመራቂ ተማሪ ዝናብ እየመታት መጣች፤ 142 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፏን በሦስት ኮፒ ልታወጣ። ገጽ 60 ላይ ሲደርስ ፕሪንተሩ ዝም አለ። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ፤ በርቷል። ወረቀት አለ፤ ቶነርም አለ። ፋይሉን ሴቭ ላደርግ ስል ዎርዱ ቦታ የለም አለኝ። እንደምንም ሃያ ሃያ ገጽ እየከፈልሁ እስከ ማታ 3 ሰዓት አወጣሁላት። ልጅቱ ነጠላዋ ጫፉ ድረስ ርሶ ቆማ ስታየኝ ያፈርሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጌያለሁ። ዴስክቶፑ ላይ የነበረውን ሁሉ ቆርጬ ወደ ዲ ወስጃለሁ። ሁለት ጊጋ ተገኘና በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ። ማን እየበላው እንደሆነ አላውቅም። ወሩ ሰኔ ነው፣ ተማሪው ሁሉ የሚያሳትምበት፤ ማሽኑን ለጥገና ሰጥቼ ሦስት ቀን ቁጭ ማለት አልችልም። ምን ላጥፋ? ምንስ አልንካ?

ይህን ከጻፍሁ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። የመልሱ ክር ረዝሟል፤ መሐል ላይ ስድብም ገብቶበታል። አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይደክም ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እነግራችኋለሁ። የጎደለ ካለ አርሙኝ።

1ኛውን መልስ የሰጠኝ የአዘዞ ሰው ነው። ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ነበር፤ ስለ ሥራዬ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ዲስክ ክሊን አፕን እንድከፍትና ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈውን፣ ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ የሚለውን ቁልፍ እንድጫን መከረኝ። ያ ካልተነካ መስኮቱ የሚያሳየው ፍርፋሪውን ነው። ያለፉ አፕዴቶች ትራፊ፣ ዊንዶውስ ከስሪት ወደ ስሪት ሲሸጋገር ትቶት የሚሄደው ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ፎልደር፣ ሁለቱም የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው። ኦልዱ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ እንደሚጠፋም ጨመረልኝ። እኔ ዘንድ አልነበረም። የአፕዴቱ ትራፊ ግን ነበር፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ ድረስ ሲጠርግ ቆየ። 6 ጊጋ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ በዚያው ልተወው ነበር።

2ኛው ፎርማት አድርጊው የሚል ምክር በሁለት ቃል ጥሎ ሄደ። 3ኛው ደገፈው። እዚህ ከተማ ኮምፒውተር አስነጠሰ ሲባል መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ እኔም ስንቱን ከፍዬበታለሁ።

4ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊዋ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ ትላለች፤ ስትጽፍ ግን የጠበቃ ምላስ አላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ እንደሆነ ነገረቻቸው። ቦታውን የበላው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ዊንዶውሱ ለምን ይመታል? የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ የስካነሩ ሶፍትዌር እንደገና ሲጫን አንድ የሥራ ቀን እንደሚሄድ፣ የሚበላው ነገር ደግሞ በቦታው ስላለ በሦስተኛው ወር እዚያው እንደምንገኝ አስረዳች። 2ኛው ሰው በ6ኛው መልስ ተመልሶ መጣ፤ እሱ በፎርማት እንጀራ የሚበላ ሰው እንደሆነና አንድም ደንበኛ ቅሬታ አቅርቦበት እንደማያውቅ ጻፈ። 4ኛዋ ታዲያ በየሦስት ወሩ ተመልሰው ስለሚከፍሉት ቅሬታው ከእሱ በኩል ሊመጣ እንደማይችል መለሰችለት። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ደንበኛ ፊት ፈነዳሁ።

በእነሱ ጭቅጭቅ መሐል ተቀብሮ የቀረው 5ኛው መልስ ነው፤ እንደኔ ከሆነ ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት። አጭር ነው፤ ሰላምታም የለው። ምን እንደማጠፋ ከመጠየቄ በፊት እንድለካ ነገረኝ። ዊዝትሪ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እንደ አድሚን ሆኖ ሲከፈት ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየዞረ አይቆጥርም፤ ዲስኩ ራሱ የሚይዘውን የፋይሎች መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ በደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። ዊንዲርስታትም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሰውዬው ግን ቀርፋፋ ነው ይለዋል። ሁለቱም ዲስኩን በቀለም ቁርጥራጭ ያሳያሉ፤ ትልቅ ፋይል ትልቅ ቁራጭ ነው።

ማታ ሱቁን ዘግቼ ከፈትሁት። ስክሪኑ የድሪቶ ብርድ ልብስ መሰለ። እኔ ዊንዶውሱ ነው የሚበላው ብዬ ነበር። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ስነካቸው ትልልቆቹ የእኔው ናቸው። ውጤቱን በ7ኛ ቁጥር ላይ ለጥፌያለሁ፤ ዳውንሎድ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር 17 ጊጋ፣ የቴሌግራሙ ካሽ (ለራሱ የሚያስቀምጠው ቅጂ) 4 ጊጋ፣ ሃይበርፊል የሚባል አንድ ፋይል 3.2 ጊጋ፣ ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ዊንዶውስ ፎልደር ሥር ስፑል በሚባል ቦታ 14 ጊጋ።

የቴሌግራሙ ምክንያት ለሱቅ ሰው ግልጽ ነው። ድሮ ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከፍላሹ ጋር ሾርትከት ቫይረሱንም ያመጣል። አሁን ሁሉም በሱቁ ቴሌግራም ይልካል። እኔም ፋይሉን ከፍቼ፣ አትሜ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ወደሚቀጥለው ሰው እዞራለሁ። የከፈትሁት ሁሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሲጠራቀም ሦስት ዓመት። 8ኛው መልስ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ገብቼ ዳውንሎድ የሚቀመጥበትን ቦታ ወደ ዲ እንድቀይርና ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ እንድዘጋ አሳየኝ። 9ኛው የካሹን ጣሪያ እዚያው ሴቲንግ ላይ ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ጨመረ፤ ከኮምፒውተሩ ላይ ብናጠፋው ቻቱ ላይ ያለው ፋይል አብሮ እንደማይጠፋ፣ ስንፈልገው ደግመን ማውረድ እንደምንችልም ነገረኝ። ይህን ባውቅ ኖሮ ሦስት ዓመት ሙሉ አላከማችም ነበር።

10ኛው ዳውንሎድ የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ዲ ማዛወር እንደሚሻል ነው የጻፈው። በራይት ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሎኬሽን፣ ከዚያ ሙቭ። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ ዲ ላይ መጀመሪያ አዲስ ፎልደር መክፈት አለብሽ፣ ዲን ራሱን እንዳትመርጪ። እሱ በችኮላ ዲን መርጦ ድራይቩ ሙሉ ዳውንሎድ የሚል ስም ይዞ ቀርቶበታል፤ ወደነበረበት ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።

11ኛው ያሳዝናል። 2011 ዓ.ም. ገደማ፣ የዊንዶውስ 10 1809 ስሪት በነበረበት ጊዜ፣ ዲስክ ክሊን አፕ ዝርዝሩ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚል ሳጥንም ነበረው። ይህ ሰው የዚያን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪውን እየጨረሰ ነበር። ሳጥኖቹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ምልክት አደረገባቸውና እሺ አለ። አማካሪው አርሞ በኢሜይል የላከለት ምዕራፍ አራት ዳውንሎድ ውስጥ ነበር። ሪሳይክል ቢን ውስጥም አልገባም፤ በቀጥታ ሄደ። ከዚያ በኋላ በወጡት ስሪቶች ሳጥኑ ከዝርዝሩ ተነሥቷል፤ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባለው አዲሱ መጥረጊያ ውስጥ ግን ዳውንሎድን ከተወሰኑ ቀናት በኋላ አጥፋ የሚል ምርጫ ስላለ፣ ከማብራታችሁ በፊት አንብቡት ብሎ ለመነን። ሰባት ሰው አይዞህ ብሎታል። አንዱ ምዕራፍ አራትን እንደገና ጽፎት እንደሆነ ጠየቀው፤ እስካሁን መልስ የለም።

ወደ 14 ጊጋው ልመለስ። 12ኛውን የጻፈው የፕሪንተር ጠጋኝ ነው፤ ከጽሑፉ ያስታውቃል፣ ለነገሩ ሁሉ የአካል ስም አለው። ሕትመት ሲላክ ፋይሉ ወደ ፕሪንተሩ ከመሄዱ በፊት ሲ ላይ ስፑል ውስጥ እንደሚያርፍ፣ ታትሞ ሲያልቅ መጥፋት እንዳለበት፣ ሲ ሲሞላ ደግሞ የሚያርፍበት ስለሚያጣ ፕሪንተሩ መሐል መንገድ ላይ እንደሚቆም አስረዳኝ። የዚያች ተማሪ ገጽ 60 ምሥጢሩ ይኸው ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከዚህ በፊት ሌላ ፕሪንተር ነበረሽ?

ነበረኝ። ሮለሩ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ መደርደሪያው ሥር ቬንትሌተር ተቀምጦበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ስሙን አላጠፋሁትም ነበር። ጠጋኙ ፕሮፐርቲሱን ከፍቼ አድቫንስድ ላይ ኪፕ ፕሪንትድ ዶክመንትስ የሚለውን እንዳይ አዘዘኝ። ምልክት አለበት። ምልክቱን ያደረግሁት እኔው ነኝ! ያኔ ደንበኛ አንድ ኮፒ ድገሚልኝ ሲል ፋይሉን ዳግም ላለመክፈት ብዬ ነው። ወረፋውን ስከፍተው ታትመው ያለቁ ሥራዎች ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል፤ የሠርግ ጥሪ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የአንድ ሟች የሙት ዓመት ፎቶ በትልቁ። ፕሪንተሩ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ሥራው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲ ላይ ተኝቷል። ምልክቱን አነሣሁ፣ ወረፋውን ካንስል ኦል አልሁት፣ አሮጌውን ፕሪንተር ከዝርዝሩ አስወጣሁ። ጥቂት አልጠፋም ብሎ የቀረ ነበር፤ ሰርቪስስ ውስጥ ፕሪንት ስፑለርን አቁሜ፣ ፎልደሩን ባዶ አድርጌ፣ መልሼ አስነሣሁት። 14 ጊጋው እንደ ጉም በነነ።

ደስታዬን ስጽፍ 13ኛው ውኃ ቸለሰብኝ። ስፑሉ ውስጥና ዳውንሎዱ ውስጥ ምን ምን እንደነበረ ዝርዝሩን ስላወጣሁ፣ ሰውዬው ቦታውን ትቶ የሰዎቹን ነገር ያዘ። የፋይዳ መታወቂያ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ደብተር፣ ትራንስክሪፕት፣ የሕክምና ወረቀት፣ ይህ ሁሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ፓስወርድ በሌለው የሱቅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እንደነበር አስታወሰኝ። ቃሉ ከባድ ነበር፤ ግድየለሽ አለኝ። 14ኛው ተቆጣለትና ሴትዮዋ እርዳታ ጠየቀች እንጂ ፍርድ ቤት አልቀረበችም ሲል ተከራከረልኝ። 15ኛው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እንዳለና የሰው መረጃ የሚይዝ ሰው ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ይዞ መቆየት እንደሌለበት በሰከነ ቋንቋ ጻፈ። 16ኛው አዋጅ በየሱቁ አይነበብም ብሎ ቀለደ፣ 17ኛው መታወቂያው ስላልተሰረቀበት ነው የሚቀልደው ብሎ መለሰለት፣ ከዚያ ሁለቱ እስከ 19ኛ ድረስ ተናከሱ።

እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያ 13ኛው ላይ ተቀይሜ ነበር። ምሽቱን ዳውንሎዱን ስመለከት ግን የጎረቤቴን የምርመራ ውጤት አየሁት። ላየው አልፈለግሁም፤ ስሟ የፋይሉ ስም ነው። ከዚያ በኋላ 17 ጊጋውን ወደ ዲ ማዛወሩን ትቼ በሺፍት ዲሊት አጠፋሁት። ቻቶቹንም አጸዳሁ። አሁን ግድግዳው ላይ ፋይልዎ እንደታተመ ይጠፋል የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። 13ኛው፣ ካነበብኸው ቂም የለኝም።

ሃይበርፊሉ ላይ ከ20ኛ እስከ 22ኛ ተባለ። 20ኛው በኮማንድ ፕሮምፕት ሃይበርኔሽን እንዲጠፋ የሚያደርገውን ትእዛዝ ሰጠኝ፤ ፋይሉ ማሽኑ ሃይበርኔት ሲደረግ፣ ማለትም የተከፈተው ሥራ እንዳለ ተቀምጦ ሲጠፋ፣ ራሙ ላይ ያለው የሚገለበጥበት ቦታ ስለሆነ መጠኑ ከራሙ ጋር ይሄዳል፣ ዊንዶውስ 10 ላይ 40 በመቶ ያህል። 8 ጊጋ ራም፣ 3.2 ጊጋ ፋይል፤ ልክ ነው። 21ኛው ግን ለላፕቶፕ ይህን እንዳትመክሩ አለ፤ መብራት ሄዶ ባትሪው ሲያልቅበት ያልተቀመጠ ሥራውን ያተረፈለት ሃይበርኔሽን ነው። ትክክል ነው፤ በእኛ ከተማ መብራት አስጠንቅቆ አይሄድም። 22ኛው መካከለኛውን መንገድ አመጣ፤ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ሳይሆን ዓይነቱን ወደ ትንሹ መቀየር፣ ያኔ ፋይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ ኮምፒውተሩን ቶሎ የሚያስነሣው ፋስት ስታርትአፕም ይቀራል፤ ሃይበርኔት የሚለው ምርጫ ግን ይሄዳል፤ ስለዚህ ለ21ኛው አይሆነውም። የእኔ ዴስክቶፕ ስለሆነ አጠፋሁት። ሲነሣ ትንሽ ዘግየት ይላል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ነኝ።

23ኛው ክሩ ላይ ከተጻፉት ሁሉ አደገኛው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ የሚባለው ፎልደር ብዙ ጊጋ ይዞ ስለሚታይ፣ ፈቃዱን ነጥቀሽ አጥፊው ብሎ አካሄዱን በደረጃ አስቀመጠ። እንዳጋጣሚ 24ኛው ወዲያው ደረሰ። ያ ፎልደር የዊንዶውሱ መለዋወጫ ግምጃ ቤት ነው፤ ካጠፉት ወይ አይነሣም ወይ ዳግመኛ አፕዴት አይቀበልም። መጠኑም የሚታየውን ያህል አይደለም። አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ በሁለት ስም ስለሚጠራ ፎልደሩን የሚቆጥር ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል፤ አንድ ሰው በዓለም ስሙም በክርስትና ስሙም ተመዝግቦ ሁለት ራስ እንደሚባል ማለት ነው። ይህች ምሳሌ ብዙ መውደድ አገኘች። መጥረግ ከተፈለገ 1ኛው የጠቆመው የአፕዴት ማጽጃ ወይም ዲዝም የሚባለው የራሱ የዊንዶውስ ትእዛዝ እንዳለ ጨመረ። 23ኛው አላፈረም፤ የአክስቱ ልጅ ላይ ሠርቶ እንደነበር ገለጸ። 24ኛው የአክስቱ ልጅ ኮምፒውተር ዛሬ ይነሣ እንደሆነ ጠየቀው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣው መልስ፣ ፎርማት ተደርጎ ነው የሚል ነበር።

ከዚህ ወዲያ ክሩ ልጓሙን ጣለ። 25ኛው ነጋዴዎች ሌባ እንደሆኑ፣ 128 ብሎ ገዝቶ 119 እንደሚያሳየው አማረረ። 26ኛው ሌብነት እንዳልሆነ አስረዳው። ፋብሪካው ጊጋን በሺህ እያባዛ ነው የሚቆጥረው፣ ዊንዶውስ በ1024፤ 128 ቢሊዮን ባይት በዊንዶውስ መስፈሪያ 119 ይሆናል። ጤፉ ያው ነው፣ የሻጩ ጣሳና የቤታችን ጣሳ ለየቅል ናቸው። 25ኛው ቅዳሜ ገበያ ላይ ትንሽ ጣሳ ይዞ የሚሰፍር ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠየቀና ክርክሩ በሳቅ ተበተነ።

27ኛው የፒያሳ ቪዲዮ አንሺ ነው። የእሱ ሲ የሚሞላው ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሚዲያ ካሽ ነው፤ አንድ ሠርግ በኤዲት በተቀመጠ ቁጥር ፕሮግራሙ ለራሱ የሚሠራቸውን ፋይሎች ካልነገሩት በቀር ሲ ላይ ይደረድራል፣ ሠርጉ ተረክቦ ሙሽሮቹ ልጅ ከወለዱ በኋላም እዚያው ናቸው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ቦታውን ወደ ሌላ ዲስክ ማዞርና የቆየውን እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። የፋሲል መዋኛን የጥምቀት ቪዲዮ የአራት ዓመቱን እንዳለ እንደያዘ ሲጠቅስ 28ኛው ዘሎ ገባ፤ ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ እናቱ ከታቦቱ ኋላ ከሚዘምሩት መሐል እንደነበሩና አሁን እንደሌሉ ጻፈ። ቪዲዮ አንሺው ፍላሽ ይዞ እንዲመጣ ነገረው። ስለ ሲ ድራይቭ አይደለም፤ ግን ማንም ከርዕስ ወጣችሁ አላለም።

29ኛውን የጻፉት ጋሼ ናቸው፤ ሁላችንም ስማቸውን ሳናውቅ ጋሼ እንላቸዋለን። ወጣቶቹ ዲስኩ ለምን ከኤ ሳይሆን ከሲ እንደሚጀምር ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ፤ ኤ እና ቢ የፍሎፒ ቦታ ነበሩ፣ ሃርድ ዲስክ ሲመጣ ሦስተኛውን ፊደል ያዘ። 1.44 ሜጋ በምትይዝ ፍሎፒ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ ይዘው ይዞሩ እንደነበር አጫወቱን። አንዱ ልጅ ዛሬ አንድ የቴሌግራም ስቲከር ፓክ ነው የምትይዘው ብሎ ቀለደባቸው። እሳቸውም ደብዳቤው ግን ቁም ነገር ነበረው ብለው ዘጉት።

30ኛውና 31ኛውን በአጭሩ። አንዱ ዲን ቀንሼ ሲን እንዳሳድግ መከረ፤ ሲ እና ዲ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች መሆናቸውን መጀመሪያውኑ ጽፌ ነበር፣ አላነበበም። በአንድ ዲስክ ላይም ቢሆኑ የዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ሲን የሚዘረጋው ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ሲሆን ብቻ ነው። ሌላው የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 እንድሄድ ነገረኝ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማሽኔ ግን 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ የለውም። ምርቃት ይለፍና አስብበታለሁ።

32ኛው ኤስኤስዲ የሚሸጥ ሰው ነው። ስልክ ቁጥሩን አስተዳዳሪው አጥፍቶታል።

33ኛው የእኔ ነው። 1.3 የነበረው 45.5 ጊጋ ሆነ። ክሊን አፑ 6፣ ስፑሉ 14፣ ዳውንሎዱ 17፣ ካሹ 4፣ ሃይበርፊሉ 3.2። ቀዩ መስመር ሰማያዊ ሆነ። ትናንት አንድ የጥናት ሰነድ 210 ገጽ ያለ አንድ ጊዜ ማቆም አወጣሁ፤ ቬንትሌተሩ የተቀመጠበትን አሮጌ ፕሪንተር በእግሬ ነካ አድርጌው አለፍሁ። 5ኛውን፣ 12ኛውን እና ምንም ቢቆጣኝ 13ኛውን አመሰገንሁ።

34ኛው ዛሬ ማታ ነው የገባው። ያቺ ነጠላዋ የራሰ ተማሪ ናት። ክሩን ጓደኛዋ ልካላት አንብባዋለች፣ ስለ እሷ የጻፍሁትንም አይታለች። አልተቀየመችም። ግን ሃያ ሃያ ገጽ እየከፈልሁ ባወጣሁበት ማታ ከ61 እስከ 80 ብዬ ቀጥሎ ከ82 ጀምሬያለሁ፤ ገጽ 81 በሦስቱም ኮፒ ውስጥ የለም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መመረቂያዋን ታቀርባለች። ፋይሉ እኔ ዘንድ ስላለ 81ን ብቻ ሦስት ጊዜ አትሜ እንድጠብቃት ጠየቀችኝ።

1 ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን እከፍታለሁ፣ ገንዘብም አልቀበልሽም ብዬ መለስሁላት። ፋይሉን ግን እንደገና ላኪልኝ የኔ ዓለም፤ ከሁሉም ጋር አጥፍቼዋለሁ።